ቀይ ብዕር እና የምላስ ካርታ

ተማሪዎቿ «ቀይ ብዕር» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በአስተራረሟ ነው፤ በሥራ ዘመኗ አንዲት ነጥብ እንኳ በነጻ ሰጥታ አታውቅም። ስታልፍ በሹክሹክታ ሲጠሯት ትሰማለች፤ ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም። በዚያው ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ አስተምራለች። ካስተማረቻቸው ልጆች አንዱ ዛሬ ዳይሬክተሯ ነው።

ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት የገባላቸው አሥር ኮምፒውተሮች አሉት። ለሦስት ዓመት አቧራ እንዳይነካቸው ጨርቅ ለብሰው፣ በር ተቆልፎባቸው ኖሩ። የሚገለጡት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር። እንግዳው አድንቆ፣ ፎቶ ተነስቶ ሲሄድ ጨርቁ ይመለሳል። ሙሽራም እንዲህ አትሸፈንም! ቀይ ብዕር ዳይሬክተሩን ጠዋት በቢሮው በር፣ ከሰዓት በስብሰባ መሃል፣ ግማሽ ዓመት ሙሉ ነዘነዘችው። በመጨረሻ «እባክዎ ይውሰዱትና ይገላግሉኝ» ብሎ ቁልፉን ሰጣት፤ ለዘጠነኛ «ለ» ክፍል፣ በየሐሙሱ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ።

ሃምሳ ሦስት ልጅ ለአሥር ኮምፒውተር። ጥያቄውን ወረቀት ላይ ያልጻፈ አይገባም አለች። አንድ ቦታ ብቻ ያነበበ እንዳላነበበ ይቆጠራል፤ ሁለተኛ ምንጭ ይፈልግ አለች። አምስት ስድስት ሆነው አንድ ስክሪን ላይ ይደራረባሉ፤ አንዱ ይተይባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ የቀሩት ይጨቃጨቃሉ። ጭቅጭቁን ወደደችው። በሌላው ቀን እኮ እሷ ታስጽፋለች፣ እነሱ ይገለብጣሉ፤ ያለው ትምህርት ይኸው ነው። የምታስጽፍበትን ደብተር የወረሰችው ከእሷ በፊት ከነበሩት መምህር ነው፤ እሳቸውም ከሌላ ወርሰውት ይሆናል። ውስጡ ያለውን ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ጣጣው የመጣው ከዚያ ደብተር ነው። አንዱ ገጽ ላይ በአራት የተከፋፈለ ምላስ ተስሏል፤ ጣፋጭ ከጫፍ፣ ጨውና ኮምጣጣ ከጎን፣ መራራ ከኋላ። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ ትስለዋለች። አንድ ሐሙስ፣ ሙግት ስለማይሰለቻት «ጠበቃ» የሚሏት ልጅ ከኮምፒውተሩ ጀርባ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... የምላሱ ካርታ ስህተት ነው ይላል። ሦስት ቦታ አየሁት። ሁሉም የምላስ ክፍል ሁሉንም ጣዕም ይለያል ይላል።»

የቀይ ብዕር ደም ፈላ። ልጅቷን አፏን ልታስይዛት ተነሳች፤ ስክሪኑ ጋ ስትደርስ ግን ጎንበስ ብላ አነበበች። ደግማ አነበበች። ቀና ብላ ወጣች።

በማግስቱ ስኳር፣ ጨውና ሎሚ ይዛ መጣች። በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት ምላሷን አውጥታ፣ የሎሚውን ልጣጭ ነጭ ክፍል ጫፉ ላይ አሸችው። ፊቷ ተጨማደደ። መረራት፤ ያውም እዚያው ጫፉ ላይ።

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ» አለች፣ «ይህን ምላስ አፌ ውስጥ ይዤ ስዞር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም!»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷም ሳቀች፤ በውስጧ ግን አፍራ ነበር። ስንቱን ልጅ ሐሰት አስገልብጣለች! የደብተሩን ገጽ ከጥግ እስከ ጥግ ሰረዘችው።

ፈተናው ለዘጠነኛ ክፍሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥያቄውም መልሱም ከትምህርት ቢሮ ነው የሚመጣው። ሰባተኛው ጥያቄ ምሬትን የሚለየው የምላስ ክፍል የትኛው እንደሆነ ይጠይቃል። አራት ምርጫ ተሰጥቷል፤ ትክክለኛው አንዱም ውስጥ የለም። የ«ለ» ክፍል ልጆች ምርጫዎቹን ትተው ከጎን «ሁሉም ክፍል» ብለው ጻፉ። ቀይ ብዕር ለሃምሳ ሦስቱም ትክክል አለችላቸው። ዳይሬክተሩ ውጤቱን ሲያይ ወዲያው አስጠራት።

«መምህርት፣ ምንድን ነው ይሄ? ሃምሳ ሦስት ልጅ አንድ ዓይነት ስህተት!»

«የተሳሳተው ጥያቄው ነው።»

«መልሱ ከኋላ ነው። እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ! ሥዕሉ እስካሁን ዐይኔ ላይ አለ።»

«አሳስቼሃለሁ ልጄ» አለችው። «ይቅር በለኝ።»

ይቅርታ አልጠበቀም ነበር። ከዚያ ፊቱን አጠቆረ። «ነጥቡን ያስተካክሉ። አለበለዚያ የኮምፒውተሩን ክፍል ቁልፍ ይመልሱ። ተማሪ ከመጽሐፍም ከመምህርም በላይ ነኝ ማለት ከጀመረ ይህን ቤት ማን ሊያስተዳድረው ነው?»

እውነቱን እንናገር፣ አመነታች። አንዲት ነጥብ ናት፤ በአንዲት ነጥብ የሚወድቅ ልጅ የለም። ብትሰርዛት ሐሙስ ይቀጥላል። ግን በየሐሙሱ ምን ልትላቸው ነው? ፈልጉ፣ አግኙ፣ ከዚያ ያገኛችሁትን ዋጡት? ቁልፉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው።

«ነጥቡን አልነካውም» ብላ ወጣች።

የመምህራን ክፍል ውስጥ የሒሳቡ መምህር ተቀበላት። «ምን ነካሽ? ጡረታሽ እኮ ሦስት ዓመት ነው የቀረው።»

«ታዲያ ሦስቱን ዓመት ስዋሽ ልክረም?»

ሐሙስ ደረሰ። ልጆቿን አስከትላ ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ሄደች፤ በሩ እንደተቆለፈ ነው። «ተቀመጡ» አለቻቸው፣ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ መተላለፊያው ወለል ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ሊፈልጉ ያሰቡትን ጥያቄ እያነበቡ፣ የሚገምቱትን ገመቱ፣ ተከራከሩ፣ መጨረሻ ላይ ወረቀቶቻቸውን በሩ ላይ ለጠፉ። በሁለተኛው ሐሙስም እንዲሁ። ዳይሬክተሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈላት፤ አንብባ፣ ፈርማ፣ ተመልሳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። በሦስተኛው ሐሙስ የበሩ እንጨት በወረቀት ብዛት አልታይ አለ።

የዳይሬክተሩ ቢሮ ያለው በዚያው መተላለፊያ ጫፍ ነው። በአራተኛው ሐሙስ ከስብሰባ ሲመለስ መሃላቸው ገባና እግር ማሳረፊያ አጣ።

«እስቲ ይሄን ያህል ያስጨነቃችሁ ጥያቄ ምንድን ነው?» አለ፣ ከበሩ ላይ አንዱን ወረቀት እየገነጠለ። ጮክ ብሎ አነበበው። «ሰው ሲያዛጋ ያየ ሌላ ሰው ለምን አብሮ ያዛጋል? ይሄማ ቀላል ነው፤ ሰውነት ኦክስጅን ሲያንሰው...»

«ሌላ ሰው ሲያዛጋ ስላየሁ ኦክስጅን ያንሰኛል?» አለች ጠበቃ።

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ባዶ ነው። አንዱ ልጅ አዛጋ፤ ከዚያ አጠገቡ ያለው፤ ከዚያ የዳይሬክተሩም መንጋጋ ሊከዳው ሲል ጥርሱን ነከሰ።

«ይሄ... መጣራት ያለበት ነገር ነው» አለ በመጨረሻ።

«እኛም ያልነው እሱኑ ነው» አለች ቀይ ብዕር፣ ከወለሉ ሳትነሳ። ዳይሬክተር ከሆነ ጀምሮ በተማሪ ፊት አንቱ ብላው ነበር የኖረችው። «ክፈተው።»

ዳይሬክተሩ ወደ ቢሮው አየ፤ መንገዱ እግር ብቻ ነው። ወደ መጣበት ዞረ፤ እዚያም እግር ነው። ማንም እግሩን አልሰበሰበለትም። ቀስ ብሎ እጁን ቁልፉ ወዳለበት ኪሱ ከተተ።