አቡጊዳ የከለከለን ሙዲር

ዛሬ እዚህ ሱዳን፣ ሾዋክ ገበያ የማሽላ ጆንያ ሲራገፍ አቧራው አፍንጫዬ ገባና የኔታ ትዝ አሉኝ።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከመተማ ተሰደን ካምፕ ስንገባ ጎረምሳ ነበርኩ። የኔታ ዳስ ውስጥ ፊደል ያስቆጥሩን ነበር። የትምህርት ቤቱ አለቃ፣ ሙዲር የምንለው፣ ያገራችን ሰው ነው። «እኔ እያለሁ መምህራችሁን የሚነካ የለም» ብሎን ነበር፤ አመንነው።

ሀሁን በዜማ ከዘለቅነው በኋላ የኔታ አቡጊዳ አስጀመሩን። አቡጊዳ ፊደሉን አዘበራርቆ ስለሚያመጣው ዓይንህ ካልለየ አፍህ አያድንህም። ተንተባተብን።

ሙዲሩ ሰምቶ መጣ። «ምንድን ነው ይሄ መንተባተብ? ኸዋጆቹ ሲመጡ ባንድ ድምፅ ሀሁ ይበሉልኝ፣ ኸላስ፣ በቃ!»

«ጌታው፣ እሱማ ዘፈን ነው እንጂ ንባብ አይደለም» አሉት የኔታ።

«እንግዲያው እርስዎ ሄደው የእርዳታ ጆንያ ያራግፉ!»

ኸዋጆቹ፣ እርዳታ ሰጪዎቹ ነጮች፣ መጡ። ሀሁን አስተጋባን፣ እነሱም አጨበጨቡ። ሙዲሩ «መምህሮቼን እንዲህ ነው የምይዝ» እያለ ይኩራራል። የኔታ ያን ጊዜ ጆንያ ተሸክመው በዳሱ በር ሲያልፉ ቆም አሉና «አይ ልጆቼ፣ አፋችሁን አጥግቦ ዓይናችሁን አስራበው» አሉን። ከዚያ ወዲያ አላስተማሩንም። ሙዲሩ ግን እስከ መጨረሻው ሙዲር ነበር።

ይቺንም የጻፍኳት ፊደሉን ከሀ እየቆጠርኩ ነው።

ዛሬ ካንዱ ጆንያ ላይ ባማርኛ የተጻፈ አየሁና ላነበው ቆምኩ። የመጀመሪያውን ፊደል ፍለጋ በልቤ ከሀ ጀምሬ እያዜምኩ ስወርድ፣ ተሸካሚው ጆንያውን አንሥቶ ሄደ።