በእኔ ስም የተጻፈችው ልጅ

የልጄን የመጀመሪያ ልጅ ጡት ስትጥል ወስጄ ራሴ አሳደግኳት። በኛ ዘንድ ልማድ ነው፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ የአያት ናት። እኔም ያደግኩት በአባቴ እናት እጅ ነው። አማቴ ልጄን ልትወስድብኝ ስትመጣ ግን እምቢ ብያት ዓመት ሙሉ ተኳርፈን ኖረናል። የራሴ ተራ ሲደርስ ያንን ረሳሁት። ምራቴ ልጅቷን አዝላ እስከ በሬ መጣች፣ አስረከበችኝ፣ ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ሰበታ ተመለሰች። ያን ጊዜ አልቅሳለች ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ላብ ነው እለው ነበር።

ቤታችን ፉሪ ዳገቱ ላይ ነው። ልጄና ሚስቱ ሰበታ፣ እሱ በሚሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ልጅቷ እኔን እማ፣ ባሌን አባ ትለናለች። እሁድ እሁድ የሚመጡትን የወለዷትን ሰዎች ደግሞ ጋሼና እትዬ ትላቸዋለች። ከእሷ በኋላ የተወለዱት ሁለቱ ሲመጡ የወንድሟ ልጆች ናቸው ብላ ታዝላቸው ነበር። ማንም ቁጭ አድርጎ አልዋሻትም። ቁጭ አድርጎ የነገራትም የለም።

ትምህርት ቤት ላስመዘግባት ስሄድ መምህሯ «የአባት ስም?» አለችኝ። የባሌን ስም ሰጠኋት። ሌላ ስም አፌ ላይ አልመጣም።

የባሰው አዲስ አበባን ወደ እኛ መሬት በሚያሰፋው ማስተር ፕላን ጊዜ መጣ። በሦስት እግር መሣሪያ የሚያዩ ሰዎች ማሳችን ውስጥ ገብተው ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተከሉ። የማን መሬት እንደሚሄድ፣ የማን እንደሚቀር የሚነግረን አልነበረም። ስለዚህ ሰው የራሱን ሕግ አወጣ፤ ልጅ ያልተጻፈለት ሽማግሌ ቀድሞ ይነሳል ተባለ። ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ የምንሰማው ይኸው ነበር። ጎረቤቶቻችን የወንድም ልጅ፣ የእህት ልጅ እያመጡ በስማቸው አስጻፉ። የራሳችን ልጆች ሁሉም ትዳር ይዘው በየሄዱበት ተጽፈዋል። ባሌ «ልጅቷን እናስጽፋት» አለ። ቀበሌ ሄድኩ።

ጸሐፊው ወጣት ነበር። ቅጹን አየ፣ እኔን አየ።

«እማማ፣ በዚህ ዕድሜ ወለዱ?»

«ሣራን ማን ዕድሜ ጠየቃት?»

«ሣራ ቀበሌ አልመጣችም።»

«አንተ ስላልነበርክ ነዋ! ጻፍ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ማኅተሙን መታ። የልደት ካርዷም በዚያው ቅጽ ላይ ተሠራ።

ከመሬቱ ግማሹን የወሰዱት ከዚያ በኋላ ነው። ቅጹን የተመለከተ ሰው አልነበረም። ባሌ በዓመቱ ሞተ። ልጅቷ ግን የእኔ ልጅ፣ የአባቷ እህት ሆና በማኅተም ቀረች።

እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ግን አድልዎ ሳይ ዝም ማለት አልችልም። በቦኖ ውኃ ሰልፍ ተራውን ሳይጠብቅ የቀደመ ሰው ጄሪካኑን ይዞ ወደ ኋላ እንዲመለስ አድርጌያለሁ፤ ፖሊስም ይሁን ቄስ። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ማን ምን እንዳደረገ ሳልቀንስ ነው የምጽፈው፤ እኔ ያደረግኩትንም።

በመሬቱ የተነሳው ረብሻ በበረታበት ሰሞን ወጣቶች የጅማን መንገድ በድንጋይ ዘግተው ወደ ፋብሪካዎቹ ሄዱ። መሬታቸው የተወሰደባቸው ልጆች ነበሩ፤ ብዙዎቹን ሲወለዱ አውቃቸዋለሁ። ልጄ መካኒክ ነው። ሌላው ሠራተኛ አጥር ዘሎ ሲሸሽ እሱ የጥጥ መጋዘኑ እሳት እንዳይይዝ ቱቦ ይዞ ውኃ ሲረጭ ቆየ። መጋዘኑ ተቃጠለ። ፖሊስ ሲደርስ ጭስ ጭስ የሚሸት ሰው ሁሉ ተያዘ፤ እሱም አብሮ።

በየቀኑ ስንቅ ይዤ ጣቢያ እሄድ ነበር። አንድ ቀን አዛዡን በር ላይ ያዝኩት።

«እሳት ያጠፋውንና እሳት ያነደደውን ለዩ እንጂ! ሁለቱን አንድ ላይ ማሰር ምን የሚሉት ፍርድ ነው?»

«ይሂዱ እናቴ፣ ይጣራል።»

«ማን ነው የሚያጣራው? እሳቱ?»

ሲፈታ ግራ ጆሮው አይሰማም። የሆነውን አልነገረኝም፣ እኔም አንገቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አይቼ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም። ሰፈር ሲመለስ ደግሞ ወጣቶቹ «የባለሀብት ውሻ» አሉት፤ እሳት ስላጠፋ። ፋብሪካው ተዘግቷል። የሚስቱ ወላጆች ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው፤ እሷም ኦሮምኛ ከሰላምታ በቀር አታውቅም። አከራያቸው ደህና ሰው ነበር፤ እሱም ቢሆን «ለእኔም ለእናንተም ጥሩ አይደለም» ብሎ ቤቱን እንዲለቁ ለመናቸው። አራቱም ዕቃቸውን ጭነው እኔ ጋ ገቡ።

የአሜሪካ ዲቪ ደርሷቸዋል የተባለው እኛ ቤት በገቡ በሁለተኛው ወር ነው። የሞላላቸው የምራቴ ወንድም ነበር፤ ዓለም ገና ኮምፒውተር ቤት ሄዶ ሞልቶ ረስቶታል። ግቢው ውስጥ እልል ተባለ። እኔም እልል ብያለሁ። ልጅቷም አብራን እልል አለች።

በማግስቱ ልጄ፣ ሚስቱና እኔ ሰነድ ወደሚያስተካክል ጸሐፊ ሄድን። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ «ባል፣ ሚስት፣ ሁለት ልጅ። ንጹሕ ነው» አለ።

ምራቴ «ሦስት ናቸው» አለች።

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። የሞላው ወንድሟ በካርድ ያሉትን ሁለቱን ብቻ ጽፏል፤ ሦስተኛዋ በካርድ የእሷ ልጅ አይደለችማ። ጸሐፊው ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ አስረዳን። ሲሞላ ያልተጻፈ ልጅ አሁን ልጨምር ከተባለ፣ ለምን ደበቃችሁ ተብሎ ዕድሉ በሙሉ ይሰረዛል። ከሄዱ በኋላ ቢታወቅም መዘዝ አለው። ወይ አራቱ ይሄዳሉ፣ ወይ አምስቱም ይቀራሉ።

«በወረቀት የማን ልጅ ናት?» አለ።

«የእኔ» አልኩ።

«እንግዲያው እናት አላት» አለና መነጽሩን መልሶ አጠለቀ።

 ቤት ደርሰን በሩ ሲዘጋ ነው ምራቴ የፈነዳችው።

«ልጄን ጥዬ የትም አልሄድም! ስንት ልጄን ነው የምጥለው?»

«አንጥላትም፣ ቆይተን እናመጣታለን» አለ ልጄ።

«ምን ብለህ? እህቴ ናት ብለህ? ወይስ ዋሽቼ ነው የገባሁት ብለህ?»

«እዚህ ሆነን ምን እናበላታለን?»

«እስካሁን ያበላናት መሰለህ?» አለችና ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋ ወረደ። «እማማ፣ ያን ቀን ያስረከብኩዎትን ይመልሱልኝ ብል ይሰጡኛል?»

ብሰጣትስ በምን? በእጅ ብሰጣት ወረቀቱ ይከለክላታል። «አትሄዱም» አልኩ። «ከሦስት ልጅ ሁለቱን መርጦ መሄድ የለም። ወይ ሁሉም፣ ወይ ማንም።» ትክክለኛ ፍርድ መስሎኝ ነበር። ልጄ የሚሰማውን ጆሮውን ወደ እኔ አዙሮ «እማዬ፣ አንቺ ነሽ ያስጻፍሽው» አለኝ።  ወጥቼ ከብቶቹን አሰርኩ።

በዚህ ሁኔታ ሳምንታት አለፉ። ምራቴ ሻንጣ አላወጣችም፣ ልጄም የኤምባሲውን ቀጠሮ አልሰረዘም።

ከዚያ ትንሹን ልጅ ለማስከተብ ከምራቴ ጋር ሰበታ ወርደን ስንመለስ መንገዱ ተዘጋ። ወጣቶች ሚኒባሳችንን አስቆሙ። ጓደኛቸውን ቀብረው ነው የመጡት፤ ዓይናቸው አብጧል። አንዱ ምራቴን በኦሮምኛ ከየት እንደመጣች ጠየቃት። «አካም ጂርቱ» አለች፤ ሌላ ቃል የላትም። ልጁ በሩን ሳበው።

«ኢንተላ ኮቲ! ልጄ ናት!» ብዬ ጮህኩበት። «የአባትህ አያት ጎረቤቴ ነበረች፣ እጅህን አንሳ!»

አየኝ፣ አወቀኝ፣ አፈረ። «ማሎ አኮ፣ እባክዎ አያቴ፣ ይለፉ» ብሎ በሩን ዘጋው። ከእሱ ጋር ተነጋገርን፣ ተግባባን። ትንሽ እንደሄድን ግን ከዳገቱ በላይ፣ ከማናየው ሰው ድንጋይ መጣ። መስታወቱ ተበተነ። የሕፃኑ ቅንድብ ተሰንጥቆ ደሙ በምራቴ ደረት ላይ ወረደ። መንገዱን ሙሉ «ዓይኑ ነው? ዓይኑ ነው?» ትላለች። ዓይኑ አልነበረም፤ ለጥቂት ነው የሳተው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፍርዴን ገለበጥኩት። «ሂዱ» አልኳቸው። «ልጅቷ ከእኔ ጋር ትቀራለች። አንድ ነገር ግን አለ። አባቷ መሆንህን ራስህ፣ በአፍህ፣ በጠራራ ፀሐይ ትነግራታለህ። ስሟ ከወረቀት ጎድሎባታል፤ እውነቱ ሊጎድልባት አይገባም።» ምራቴ ቅንድቡ የተሰፋውን ሕፃን አቅፋ አቀረቀረች። 

ልጄ እሺ አለ። መጀመሪያ ቀን ስለ ትምህርቷ አወራት። ሁለተኛ ጊዜ ጫማ ገዝቶላት መጣ። የሚሄዱበት ሳምንት ሲደርስ የግቢውን በር ቆለፍኩና ቁልፉን መቀነቴ ውስጥ ከተትኩ።

«ሳትነግራት ከዚህ አትወጣም። አውሮፕላኑ ይሂድ።»

ልጅቷ ግቢው ውስጥ በሳፋ ካልሲዋን ታጥባለች። ልጄ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ነገራት። ምን ብሎ እንደጀመረ አልሰማሁም፤ የሰማሁት የእሷን ጥያቄ ነው።

«እትዬስ?»

«እናትሽ ናት።»

ካልሲውን መፈተግ አቆመች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

«ሁሉም ነው የሚሄደው?»

«አሁን እኛ እንቀድማለን...»

«ለምን እኔን አልጻፋችሁኝም?»

ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። ምራቴ በር ላይ ቆማለች፤ እሷም አየችኝ። ሌላ ሰው ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ አልነበረም።

«እኔ ነኝ ያስጻፍኩሽ» አልኳት። «የእኔ ልጅ ናት ብዬ። መሬቱን እንዳይወስዱት ብዬ።»

«ወሰዱት አይደል?»

«ወሰዱት።»

ካልሲዋን ጨምቃ ሽቦው ላይ ሰቀለች። ሁለተኛውንም ሰቀለች። ከዚያ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች፤ ቁልፉን ነው። ሰጠኋት። በሩን ከፍታ ወጣች፤ እስኪመሽ ድረስ አልተመለሰችም። ወደ አየር ማረፊያ ሲሄዱም አልሸኘችም። ምራቴ መኪናው ውስጥ ሆና መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እስከ ዳገቱ መታጠፊያ ድረስ በሩን ስታይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት ሄደዋል። በስልክ ያወሯታል። በአጭሩ ትመልሳለች፤ ለታናናሾቿ ግን ትስቅላቸዋለች። ከእኔ ጋር ክፉ አይደለችም። ውኃ ትቀዳለች፣ ራሴን ሲያመኝ በሻሽ ታስርልኛለች፣ ከሰው ጋር ስከራከር መጥታ በክንዴ ትይዘኛለች። እኔን ደስ ለማሰኘት ብላ ብቻ የምትለኝ ነገር ግን የለም።

ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች። የመመዝገቢያ ቅጹን ይዛ መጣችና ጎኔ ተቀመጠች።

«ፍርድ ቤት ጠየቅኩ» አለችኝ። «ሦስት ምስክር ይበቃል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የአባቴ ስም ይስተካከልልኝ፤ በዚህ ስም ሰርተፍኬት ከወጣልኝ በኋላ አይቀየርም።»

ሙሉ በሙሉ ትክክል ናት። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ዱላዬን ይዤ እኔው ፍርድ ቤት እወስዳት ነበር። ዳኛው ፊት ቆሜ የምለውንም አውቀዋለሁ። ግን ያ የዲቪውን ሰነድ ያየው ጸሐፊ የነገረን ከልቤ አልወጣልኝም። እዚያ አገር ያሉት አራቱ ገና የዜግነት ጉዳያቸው አላለቀም፤ የሕፃኑ ቅንድብ ላይ ያለው የስፌት ጠባሳ ዛሬም በስልኩ ምስል ይታየኛል። እዚህ አንድ መዝገብ ሲገለበጥ እዚያ ምን እንደሚገለበጥ አላውቅም።

«አይሆንም» አልኳት።

«መቼ ነው የሚሆነው?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ የሰው ሰልፍ ለምን ታስከብሪያለሽ?» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ቅጹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሞላችው። ጽሑፏ ከእኔ ይልቅ ያምራል። በአባት ስም ፊት የባሌን ስም ጻፈች፤ ከታች የወላጅ ፊርማ የሚል ቦታ ነበረ። እስክሪብቶውን ዘርግታልኝ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየች። ወሰድኩት፤ ስሜን ጽፌ፣ ከጎኑ «እናት» ብዬ ፈረምኩ።