ስድስተኛው ጥያቄ በዓለም ባንክ

ጠዋት ሁለት ሰዓት

ከቤቴ የወጣሁት አንድ ቅጽ ለመሙላት ነው። የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ አሁን በልጆች የዕድገት እክል ላይ ስፔሻላይዝ እያደረግሁ የምርምር ሥልጠናም እወስዳለሁ። የዕለቱ ልምምዴ ዓለም ባንክ ሰፈር ያለ አንድ ቤት ሄጄ ስለ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ሃያ ጥያቄ መጠየቅ ነው። አሠልጣኛችን "እንደተጻፈ አንብቡ፤ ከራሳችሁ ምንም አትጨምሩ" ብለውናል። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ጦር ኃይሎች ላይ የታክሲው ሰልፍ ጫማ ቤቶቹ ድረስ ደርሷል። ሚኒባሱ ውስጥ ቅጹን ሳጠና ወያላው "እህቴ፣ ጠጋ በይ!" አለኝ። ጠጋ አልኩና ማንበቤን ቀጠልኩ፤ "ወራጅ" ማለት ረስቼ አንድ ፌርማታ አለፍኩ። ጭቃውን እያቦካሁ ወደኋላ ተመለስኩ።

ሦስት ሰዓት ተኩል

የልጁ እናት ወይዘሮ ፀሐይ በር ላይ ጠበቁኝ። "ኧረ ዶክተር፣ ጫማዎን አያውልቁ!" ቢሉም ምንጣፉን አይቼ አወለቅሁ። ሶፋው መሃል ላይ አስቀምጠውኝ እሳቸው ዱካ ሳቡ። ቆጮ ከጎመን ጋር ቀረበልኝ።

"አፀደ ሕፃናቱ 'ልጅሽ ችግር ሳይኖርበት አይቀርም፣ የሐኪም ወረቀት አምጪ' አለኝ" አሉ። "እስከ ሰኞ ካልወሰድኩ ቦታው ለሌላ ልጅ ነው።"

ያየሁትን ጽፌ እንደምሰጣቸው ቃል ገባሁ።

ልጃቸው አቤል እጁን ወደኋላ አጣምሮ ፊቴ ቆመ። ስድስተኛው ጥያቄ ልጁ ሲያናግሩት ዓይን ለዓይን ያያል ወይ ይላል። ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቅሁት። ወለሉን እያየ አራት ጣት አሳየኝ። "አያይም" የሚለው ላይ ምልክት ላደርግ ስል እናቱ በኩራት፣ "ትልቅ ሰው ላይ አያፈጥም። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ ጨዋ ነው" አሉ።

ግራ ገባኝ። ጨዋነት ነው ወይስ የእክል ምልክት? እኔም በልጅነቴ እንግዳ ላይ አፍጥጬ ተቆንጥጫለሁ። አሠልጣኜ ጋ ደወልኩ።

"ምን አየሽ?"

"ወለሉን ሲያይ።"

"እንግዲያው እሱን ሙይ።"

ሞላሁ። የሃያውም ነጥብ ሲደመር "ያሰጋል" ሆነ።

"ምን አገኙበት?" አሉ ወይዘሮ ፀሐይ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

"ገና አላወቅሁም" አልኩ። አፈርኩ።

አምስት ሰዓት

ልሄድ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ የጫማዬን ክር ሳስር አቤል መጥቶ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ። ዓይኔን ትክ ብሎ እያየ "የኔ ጫማ ክር የለውም" አለኝ። እስቲ አሳየኝ ስለው ሮጦ አመጣ፤ እንዳደርግለት እግሩን ዘረጋና እንደገና አየኝ፣ ሳቀ።

ጫማዬን መልሼ አወለቅሁ። ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ጥያቄዎቹን ከአንድ ጀመርኩ። ስጨርስ ድምሩ የማያሰጋ ሆነ፤ አቤል ትምህርቱን መጀመር እንደሚችል ጻፍኩ። እናቱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤቴ

ግራ መጋባቱ እስከ ቤቴ ተከተለኝ። ስንቱን ጨዋ ልጅ "ያሰጋል" ብለን ይሆን? እርዳታ የሚያስፈልገውንስ ስንቱን "ጨዋ ነው" ብለን አለፍነው? ከራሴ እንዳልጨምር ታዝዣለሁ። ቢሆንም ቅጹን አወጣሁ። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ የመጀመሪያውን ምልክት ሳልሰርዝ "ያያል" የሚለው ላይም ሁለተኛ ምልክት አደረግሁ፤ ከሥሩም "መጀመሪያ ሲጠየቅ ጠያቂዋ ሶፋ ላይ ነበረች" ብዬ ጻፍኩ።