ቅዳሜ ቅዳሜ ኮክ በቅቤ

ኮክ ስል ፍሬውን ማለቴ ነው። አትላንታ ውስጥ ኮክ ሲባል ሰው ሁሉ መጠጡን ስለሚያስብ፣ እኔና እናቴም ፒች ማለት ከጀመርን ቆይተናል። እዚህ ግን በስሙ ልጥራው፤ ብዙ አብረን አሳልፈናልና ይገባዋል።

አሠራሩ ሲበዛ ቀላል ነው፤ ለእኔም ጦስ የሆነብኝ ቅለቱ ነው። ኮኩ ጠንከር ያለ ይሁን፤ በጣም የበሰለው መጥበሻ ላይ ይፈርሳል። ልጣጩን ሳላነሳ ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ ዘሩን አውጥቼ በቁመቱ እቆራርጠዋለሁ። ከባዱን የብረት መጥበሻ አግዬ ጨው የሌለው ቅቤ ጣል አደርግበታለሁ። ቅቤው አረፋውን ጨርሶ ደስ የሚል ሽታ ሲያመጣ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ አስተኛዋለሁ። ከዚያ ወዲያ እጅን መሰብሰብ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዝም ብሎ ማየት ስለማይችል ያማስላል፤ ያማሰሉት ኮክ ደግሞ ማርማላታ ይሆናል። ጠርዙ ቡናማ ሲሆን አገላብጬ ቡናማ ስኳርና ቀረፋ እበትንበታለሁ፤ ሎሚ ጠብ አደርግበታለሁ፤ ስኳሩ ቀልጦ ወፈር ሲል አወርደዋለሁ። ትኩሱን ከአይስክሬም ጋር ማቅረብ ነው። ቡና እስኪፈላ እንኳ አያስጠብቅም።

የተማርኩት ኮሌጅ ሳለሁ አብራኝ ከምትኖር ልጅ ነው። ለዓመታት ለራሴ ብቻ፣ ሲከፋኝ እሠራው ነበር። አባቴ ሲያርፍ አፓርታማዬን ለቅቄ አትላንታ ዳር ታከር ወዳለው የእናቴ ቤት ተመለስኩ፤ ለጥቂት ወር ብዬ። እናቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች፤ ሃይዌይ ላይ መንዳት ትፈራለች፤ የሚያደርሳት አባቴ ነበር። አሁን የማደርሳት እኔ ነኝ። ጥቂቱ ወር ዓመት ሆነ፣ ዓመቱም ሌላ ዓመት ወለደ፤ ልብሴ ግን እስካሁን ሻንጣ ውስጥ ነው የሚታጠፈው።

በየቅዳሜው ከሰዓት የቤተ ክርስቲያናችን የቤት ኅብረት እኛ ሳሎን ይሰበሰባል። አንድ ቅዳሜ ኬክ ለማምጣት ተራዋ የነበረች እህት ታማ ቀረች፤ እናቴ እንግዳ በባዶ ሊሄድብኝ ነው ብላ ስትንቆራጠጥ አሳዘነችኝና ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ኮክ ጠበስኩት። የኅብረቱ መሪ፣ ክላርክስተን ውስጥ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ፣ አንድ ማንኪያ ቀመሱና ቀና ብለው አዩኝ።

“ይቺ ልጅ ለካ ባለሙያ ናት” አሉ።

እኔ መሐንዲስ ነኝ። ዳውንታውን ቢሮ ቁጭ ብዬ የትራፊክ መብራቶች መቼ ቀይ፣ መቼ አረንጓዴ እንደሚሆኑ አሰላለሁ። በጋዜጣ አማርኛ ከሄድን ባለሙያ ከሆንኩ ሰነባብቻለሁ። በሳሎን አማርኛ ግን ሴት ልጅ ባለሙያ የምትባለው እጇ ሲጣፍጥ ነው፤ እኔ ደግሞ ሽንኩርት እንኳ በወጉ አላቁላላም። የተመረቅኩ ቀን “ተመስገን” ብላ መኪናውን የት ፓርክ እንዳደረግን የጠየቀችኝ እናቴ፣ የዚያን ቀን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሥራዋ ልወስዳት ስደርስ እናቴ አንድ ከረጢት ሙሉ ኮክ ይዛ ቆማ አገኘኋት። በቃ፣ ተያዝኩ። ኮኩ ሲያልቅ ፖም፣ ፖሙ ሲሰለች ሙዝ፣ ክረምቱ አልፎ እንደገና ኮክ። ኅብረቱ ሳሎን ሲዘምር እኔ ከወጥ ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ እጠብሳለሁ። ከሳሎኑ የሚለየኝ ያ ባንኮኒ ብቻ ስለሆነ ሁሉ ይሰማኛል፤ ሁሉም ያየኛል። አንዳንድ ቅዳሜ ጓደኞቼ የሆነ ቦታ ሲጠሩኝ እናቴ “ሂጂ እንጂ” ትልና “ለሰዎቹ ምን እላቸዋለሁ?” ትጨምራለች። እቀራለሁ።

አምና በኮክ ወቅት ከሌላ ግዛት፣ ከዴንቨር፣ የሥራ ጥሪ መጣልኝ። የአንድ ሙሉ ከተማ መብራት በእኔ እጅ ሊሆን ነው። ስመኘው የኖርኩት ሥራ ነበር፤ ስልኩን ዘግቼ ፓርኪንጉ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። መልስ የሚፈልጉት ግን ሰኞ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ምንም አታውቅም። ሳምንቱን ሙሉ መኪና ውስጥ ልነግራት ሞከርኩ።

“ማሚ፣ አንድ ነገር ላወራሽ ነበር።”

“እኔም ላወራሽ ነበር። ፒቹ ሴል ላይ ነው አሉ፤ ዛሬ እንግዛው” ትለኛለች። እንገዛለን።

ቅዳሜ ደረሰ። በኅብረታችን ልማድ ስንጨርስ መሪው “የጸሎት ርዕስ ያላችሁ?” ብለው ይጠይቃሉ። እኛ ቤት ፊት ለፊት ማውራት ያቃተን ነገር የሚወጣው በዚያ ነው። እናቴ ጉልበቷን ሰርጀሪ ልታደርግ መሆኑን የሰማሁት ከሰው እኩል፣ በጸሎት ርዕስ ነው። እኔም የዚያን ቀን ቅቤው ቀልጦ ኮኩን እያስተኛሁ ሳለ ጥያቄውን ስሰማ፣ አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አልኩ።

“እኔ አለኝ” አልኩ፣ መጥበሻው ላይ እንደቆምኩ። “የሥራ ኦፈር አግኝቻለሁ፤ ዴንቨር። ሰኞ መልስ እሰጣለሁ። የጌታ ፈቃድ እንዲሆን ጸልዩልኝ።”

መሄድ እፈልጋለሁ ማለት ነበረብኝ። እሱን ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

ሽማግሌው ወደ እናቴ ዞረው “እናት ትጸልይላት” አሉ። ሁሉም ተነሣ። እናቴ ባንኮኒውን ተደግፋ ቆመች፤ በመሐላችን ክንድ የሚያህል ርቀት ቢኖር ነው። ኮኩን ትቼ ልሄድ አልችልም፣ ላገላብጠውም ገና ነው። እሳቱን ቀንሼ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ።

“አባት ሆይ” አለች፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። “ይህችን ልጅ የሰጠኸኝ አንተ ነህ።”

“አሜን” አለ ሰው።

“ባለቤቴን ስትወስድ እሷን አስቀረህልኝ።”

“አሜን።”

“ከፈቃድህ ያልሆነ በር ቢከፈትላት፣ አባቴ፣ በሩን ዝጋው። እኔ አልችልም፤ አንተ ዝጋው።”

“አሜን” አለ ቤቱ በሙሉ ድምፅ፤ በዚያ ሁሉ ድምፅ ውስጥ የገዛ ድምፄን ሰማሁት። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጸሎት የሚያደርግ ሰው ትንፋሽ ሲወስድ አፌ በራሱ አሜን ይላል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ግን እያወቅሁት አመለጠኝ።

ኮኩ በአንድ በኩል ጠቆር ብሎ ነበር። ካራሜል ነው ብለው አመሰገኑኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ እኔ አጥባለሁ፣ እናቴ ታደርቃለች።

“አሜን ስትዪ ሰማሁሽ” አለችኝ።

“ልማድ ነው፣ ማሚ።”

“አሜን ልማድ ነው እንዴ?”

ሳህኑን አስቀምጬ ወደ እሷ ዞርኩ። “መሄድ እፈልጋለሁ” አልኩ፤ በመጨረሻ ወጣልኝ።

“ሂጂ” አለች። “ማን ያዘሽ?”

ይህን ብላ ታማሚ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሆን ብላ ያደረገችው አይመስለኝም፤ ጉልበቷ የምር ያማታል። ብትቆጣኝ፣ ብታለቅስ፣ ብትለምነኝ ኖሮ እከራከራት ነበር። ማን ያዘሽ ያለ ሰው ግን ምን ተብሎ ይመለስለታል? ተናደድኩ፤ ወደድኳትም፤ ሳህኔን ማጠብ ቀጠልኩ።

ሰኞ ጠዋት አድርሻት ቢሮ ገባሁና ለዴንቨር ሰዎች በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት መምጣት አልችልም ብዬ ጻፍኩ። መልሳቸው ጨዋ ነበር። ማታ ከሥራ ሳመጣት “አልሄድም” አልኳት። “እንደ ጌታ ፈቃድ” ብላ ቀበቶዋን አሰረች፤ ሌላ አልጠየቀችኝም።

ቅዳሜ ሲመጣ እናቴ ለምስክርነት ተነሣች። እኔ እንደ ወትሮው ከባንኮኒው ጀርባ ነበርኩ፤ ኮኩ ገና መጥበሻ ላይ መተኛቱ ነው።

“ጌታ ጸሎቴን ሰማ” አለች። “በሩን ዘጋው።”

ሴቶቹ እልል አሉ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ በገዛ ጣቴ ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። አሜን ሲባል ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ።

እናቴ ግን አልተቀመጠችም። ወደ እኔ ዞራ ቆመች። ያሸነፈ ሰው ፊት ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት ነው። በሩን ማን እንደዘጋው ታውቃለች። እኔ በአፌ እስካልተናገርኩ ድረስ ጌታ ነው የዘጋው፤ እሷም ሰላም ታድራለች። ሰው ሁሉ ምን ሆነች ብሎ ወደ እኔ ያይ ጀመር፤ ቅቤው ይንጫጫል፤ እሷ እጇን ባንኮኒው ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

አሜን አልኩላት።