ሁለቱ ጥቁር ድንጋዮች

ትናንት ቶር ፒኛታራ፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ ሠራተኞች ከመንገዱ የነቀሉትን ጥቁር ድንጋይ ሲከምሩ አየሁ። አንዱን አንስቼ ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ ሠራተኛው፣ "ምን ጠፋብዎት ሲኞራ?" አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው?

በሃያ ሦስት ዓመቴ እዚሁ ሮማ አንድ ትምህርት ቤት አጸዳ ነበር። ሥራውን ያገኙልኝ እዚያው አብረውኝ የሚያጸዱት እትዬ ሮዛ ናቸው፤ አባታቸው ጣሊያን፣ እናታቸው የአስመራ ሰው፣ ያደጉት አዲስ አበባ። ኮንትራቴ የሙከራ ነበር። እሱ ካልጸና ፔርሜሶዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስም።

ኅዳር ነው። ደጅ የሚጠበሰው የካስታኛ ፍሬ በመስኮት ይሸተኛል። የሳይንስ ክፍሉን ስወለውል የድንጋይ ናሙና ያለበት መሳቢያ ከእጄ አምልጦ ወደቀ። የተሰበረ የለም፤ ግን ድንጋዩ ከስም ወረቀቱ ተለያየ።

"አሎራ፣ እንግዲህ እንደመጣልሽ ደርድሪው። ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ ማን ያውቃል?" አሉ እትዬ ሮዛ።

እኔ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ግድግዳው ላይ ካለው የድንጋዮች ሥዕል ጋር ማስተያየት ጀመርኩ። ግራናይቱ ምስር ምስር የሚያህል ፍሬ አለው። የአሸዋ ድንጋዩን ስዳብሰው ጣቴ ላይ እንደ ሽርክት ይሻክራል። እብነ በረዱ እንደ ስኳር ያብለጨልጫል። ደስ እያለኝ መጣ፤ ፍርሃቴን ሁሉ ረሳሁ። በመጨረሻ ሁለት ጥቁር ድንጋዮች ቀሩ። ቀለማቸው አንድ ነው። በግምት አስቀመጥኳቸው።

በማግስቱ አላስቻለኝም። የሳይንስ መምህሯ ዘንድ ሄጄ፣ "ፕሮፌሶሬሳ፣ መሳቢያውን የጣልኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

መሳቢያውን ስበው አዩት። መባረሬን ስጠብቅ ሁለቱን ጥቁሮች አውጥተው ከማጉሊያ መነጽር ጋር ሰጡኝ።

"ምን ታያለሽ?"

"ይኼኛው ፍሬ ፍሬ አለው። ያኛው ልሙጥ ነው።"

"ሁለቱም የአንድ ዓይነት ቅልጥ ዐለት ልጆች ናቸው። ይኼ ምድር ውስጥ ቀስ ብሎ ስለቀዘቀዘ ፍሬው አደገ፤ ጋብሮ ይባላል። ያኛው ወደ ላይ ፈስሶ ቶሎ ስለቀዘቀዘ ፍሬው ለማደግ ጊዜ አላገኘም፤ ባዛልት ነው። በይ፣ አንቺው አስተካክይ።"

ስማቸውን አቀያየርኩ። ከሌላው አንድም አልተሳሳትኩም ነበር። መምህሯ ስለ መውደቁ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ሙከራው ሲያልቅ ኮንትራቴ ጸና፤ የእሳቸው ቃል ይኑርበት አይኑርበት እስከ ዛሬ አላውቅም።

እስከዚያ ቀን በዚህ ከተማ የሚጠይቀኝ ሁሉ የሚጠይቀው ወረቀቴን ነበር። ያየሁትን የጠየቁኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጊዜ አለኝ፤ መንገድ ላይ አጎንብሼ ስቀር ልጆቼ ያፍሩብኛል። ይፈሩ፤ ገና ያላየሁት ብዙ ነው።