ጋሽ ውሰደው

አባቴ ሚስማር፣ ቀለምና ቆርቆሮ ይሸጥ ነበር። ሱቁ ገበያው መግቢያ ላይ ነው፤ ቤታችን ከሱቁ ጀርባ። መሰላል ለቸገረው «ውሰደው»፣ መጋዝ ለጠየቀው «ውሰደው» ስለሚል ከተማው «ጋሽ ውሰደው» ብሎ ሰየመው። እናቴ «እኔንም የሚጠይቅ ቢመጣ ‹ውሰዳት› ይለዋል» ብላ ትስቅበታለች።

«ወስዶስ ማን ይችልሻል? በማግስቱ ይመልስሽ ነበር» ይላታል።

ነጭ አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ሆስፒታሉ የአንድ ሰዓት መንገድ ስለሆነና አምቡላንስ ስላልነበረን ቁልፏ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ የታመመበት ሰው አንስቶ ይሄዳል። ለሌላ ጉዳይ አባቴን ማስፈቀድ ነው። እኛ ልጆቹን ግን አስጠንቅቆናል፦ «እየሮጠ የመጣን ሰው ማን ታመመብህ አትበሉት። መልስ እስኪሰጥ ነፍስ ታልፋለች።» ሦስት ሕፃናት እዚያች መኪና ላይ ተወልደዋል። አንዷ ዛሬ ሐኪም ናት።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጥቼ ሱቁን እጠብቃለሁ፤ አባቴ መጋዘን ሲሚንቶ ሊያራግፍ ሄዷል። ጎረቤታችን ግንበኛው ላብ በላብ ሆኖ ገባ።

«ልጄ፣ ቁልፏን! ቶሎ በይ!»

አንስቼ ሰጠሁት። ምንም አልጠየቅሁትም።

ሰዓት ሳይሞላ የቤት ሠራተኛችን እየጮኸች መጣች። እናቴ ኩሽና ውስጥ ደረቷን ይዛ ወድቃለች። አባቴ ሲሚንቶ እንደለበሰ ሮጦ ደረሰ፤ እጁን ወደ ሚስማሩ ሰደደ፤ ባዶ ነው። ሚኒባስ እስኪገኝ፣ ተሳፋሪ እስኪወርድ አርባ ደቂቃ አለፈ። እናቴ መንገድ ላይ ሞተች።

አስከሬኗን ይዘን ስንመለስ ፒክአፗ ሱቁ ደጃፍ ቆማለች። ኋላዋ ላይ የኪራይ ወንበሮች ተደራርበዋል። ግንበኛው እንግዶች ጠርቶ ወንበር አንሶት ኖሯል፤ «ደርሼ እመለሳለሁ» ብሎ ነው።

የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ መምህሩ አጎቴ፣ ግቢው መሀል ቆሞ ጮኸ። «ቁልፉን ማነው የሰጠው?»

ግንበኛው ቀና ብሎ አየኝ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

«ለምን እንደፈለገው አልጠየቅህም?»

«አልጠየቅሁም።»

ግንበኛው አንገቱን ደፋ። እኔም ደፋሁ።

አጎቴ ከዚያ ቀን በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ደጃችንን አልረገጠም። አባቴን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይሻገራል። አባቴ ግን በየማለዳው ለጀርባው «እንደምን አደርክ፣ ወንድሜ!» ይላል። በዚያች መኪና ያልዳነ ቤተሰብ የሌለው ከተማ እንኳ «ለሰው ሲል ሚስቱን ቀበረ» እያለ ያማው ጀመር። ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ቁልፉንም ቦታው መለሰው።

አንድ ጊዜ ደፍሬ «አባዬ፣ ያን ቀን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሻይ አፍዪልኝ፣ የኔ ልጅ» አለኝ።

አፈላሁለት። ሁለታችንም ጠጣን። ለመናገር ሌላ ቀን አለ ብዬ ነበር፤ ዓመቱ እንዲህ ሄደ።

አባቴ ሲሞት አጎቴ ቀብሩ ላይ መጣ። ከሰው ተነጥሎ አጥሩ ሥር ቆሞ ሳየው፣ ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ ሄድኩ።

«አጎቴ...»

አቀፈኝ። ሸብቷል፤ የእናቴን ዓይን ይዟል። «ደግ ነበር ይሉታል» አለኝ እያለቀሰ። «እህቴን ግን በልቶብኛል። ይኸው ሞቶም ይቅር ማለት አቃተኝ። ምን ላድርግ፣ ልጄ? ከእሷ የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

እጁ ራሴ ላይ ነበር። ብናገር እንደሚያነሳው አወቅሁ።

«እግዜር ያጽናህ» አልኩት።

አሁን እሑድ እሑድ እኔ ዘንድ ምሳ ይበላል። ሳህኑ ጎደል ሲል አባቴን ማማት ይጀምራል፤ ግዴለሽ ነበር፣ ለታይታ የሚሰጥ ነበር ይላል። ልጆቼ አያታቸውን የሚያውቁት በዚህ ወሬ ነው። ትንሿ ባለፈው «እማዬ፣ አያቴ መጥፎ ሰው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አጎቴ ማንኪያውን ይዞ መልሴን ይጠብቃል።

ሾርባ ጨመርኩለት።