ዓባይ ያልቀላበት ክረምት

ልጅ እያለሁ ዶቂ አጠገብ ያለው ድልድይ ላይ ቆሜ ዓባይ ቀልቶ እንደሆነ አይ ነበር። ሌላው ልጅ ጀልባ ያያል፣ እኔ የውሃ ቀለም። የድልድዩ ብረት በካይሮ ፀሐይ ግሎ ክንዴን ይለበልበኛል፣ ከኋላዬ የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል፣ እኔ ግን ንቅንቅ የለም። ወንዙ ሲቀላ እናቴ ትመለሳለች ብዬ አምኜ ነበራ!

የምንኖረው አርድ ኤል ሊዋ የሚባል ሰፈር፣ ሦስት ክፍል ያለው ቤት ከአገራችን ሰዎች ጋር ተጋርተን ነበር። አንዱ ክፍል የእኔና የእናቴ፣ አንዱ የእትዬ አልማዝ፣ አንዱ የጋሽ ታደሰ። እናቴ ሰው ቤት በተመላላሽነት ትሠራ ስለነበር ማታ ማታ አብረን ነበር የምንተኛው። አንድ ዓመት ግን ወሎ፣ በሽሎ አካባቢ ባሉት አያቶቼ ዘንድ ዝናብ ቀረ። ማሽላው በቁሙ ደረቀ። እናቴ ሴንትራል ከሚሉት ስልክ ቤት ደውላ ስትወጣ ፊቷ ልክ አልነበረም። እህሉ እሳት ሆኗል፣ ከብቱ ደግሞ ከስቶ ዋጋ አጥቷል አለች። በሳምንቱ ሄሊዮፖሊስ አንዲት ማዳም ቤት አዳሪ ሆና ገባች፤ አዳሪ ሲሆኑ ደመወዙ ይሻላል። ከዚያ በኋላ የማያት ዓርብ ዓርብ ብቻ ሆነ። ክረምቱ ደህና ከዘነበ እመለሳለሁ ብላኝ ሄደች።

የፀጉሯ ቅባት ሽታ እስኪለቅ ድረስ ትራሷን አቅፌ እተኛ ነበር። እትዬ አልማዝ ደግ ነበሩ፣ ያበሉኛል፣ ያጥቡኛል፣ ሲመሽ ግን በራቸውን ዘግተው ይተኛሉ። ደግ ሰው እናት አይሆንም። ቧንቧው ሲቋረጥ ባዶውን ጀሪካን እየመቱ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይሉና ይስቃሉ፤ እኔ ግን ሳቁ አይመጣልኝም።

የወንዙን ነገር የነገሩኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ከሁላችንም ቀድመው የተሰደዱ ሰው ስለሆኑ የካይሮን ሽማግሌዎች ወሬ ያውቃሉ። ድሮ ድሮ እኛ አገር ክረምት ሲገባ የወሎና የጎጃም አፈር ታጥቦ እዚህ ድረስ ይመጣ፣ ዓባይም ይቀላ ነበር አሉኝ። እዚሁ አገር ግድብ ከተሠራ ወዲህ ያ ነገር መቅረቱን አልነገሩኝም፤ ወይ ነግረውኝ አልሰማሁም። አይ ልጅነት! ትምህርት ቤት ሲዘጋ እትዬ አልማዝን ዶቂ የሚያጸዱት ቢሮ ድረስ ተከትዬ እሄዳለሁ። ሲጨርሱ ድልድዩ ጋ እንቆማለን። ውሃው ሁልጊዜ ያው አረንጓዴ ነው።

አንድ ዓርብ እናቴ ማንጎ ይዛ እየሳቀች ገባች። አያቴ አገሩ እስኪጠግብ ዘነበ ብሏታል። እኔ እንዴት ልመን? ወንዙ አልቀላም፣ ትናንት አይቻለሁ አልኳት። እስኪያስነባት ሳቀች። ከዚያ ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝና፦

«ዝናቡማ ጣለ የኔ ልጅ። በሬዎቹ ግን የሉም፤ አምና ለእህል ተሸጠዋል። በሬ እስክንገዛ ትንሽ ታገሺኝ» አለችኝ።

ጎረቤቱ ሁሉ ሲያርስ አያቴ እርጥብ ማሳ ዳር ቆሞ ያይ ነበር ለካ። እኔ ግን ያን ጊዜ ለአያቴ አላዘንኩም፤ ዓይቼያቸው በማላውቃቸው ሁለት በሬዎች ላይ ቂም ያዝኩ። እናቴም አመሻሹ ላይ እንደ አገሬው ማሌሽ፣ ማሌሽ፣ አይዞሽ እያለች ፀጉሬን ዳብሳ ማይክሮባሷን ተሳፈረች። «ትንሽ» ያለችው ነገር ሌላ ክረምት ጨምሮ ነው ያለቀው። ስትመለስ ለብቻዬ መተኛት ለምጄ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። እናቴ አያቶቼ ሲደክሙ መሬቱን ልትይዝ ወሎ ገባች፤ እኔ ሥራዬ ይዞኝ ካይሮ ቀረሁ። አርድ ኤል ሊዋ ያለው ቤት ውስጥ የማውቀው ሰው የለም። ድሮ ዝናብ መጣሉን ለመስማት ሳምንት እንጠብቅ ነበር፤ ዛሬ ደመናው ሳይበተን ስልኬ ይጮኻል። እሷ ናት። ከበስተጀርባዋ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማኛል።

«ዘንቧል፤ ቀዩን ውሃ ልኬልሻለሁ፣ ወጥተሽ እዪው» ትለኛለች።

ከሥራ ስወጣ ድልድዩ ላይ እቆማለሁ። ውሃው ያው አረንጓዴ ነው። መልሼ እደውልላትና፣ ደርሶኛል እማ፣ ቀልቷል እላታለሁ።